ያልጻፍኳቸው ሽመላዎች

ርዕሰ መምህሩ ቅጹን ሲሰጠኝ የገባኝ ነገር ቢኖር ምንም እንዳልገባኝ ብቻ ነው። ከላይ «በክረምት ወራት በወንዝ ዳር ረግረጎች የሚያርፉ ተጓዥ ወፎች ቆጠራ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «በጥር ወር ተሞልቶ የሚመለስ» ይላል። እኔ የማውቀው ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዳባት ጭቃ ውስጥ የምትሰምጥበት፣ ጃንጥላ ያለውም የሌለውም እኩል የሚበሰብስበት። ጥር የሠርግ ወር ነው። «ይሄ ክረምት የማን ክረምት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «የሳይንስ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ» አለኝና ወደ ሌላ ወረቀቱ ዞረ።

በዚያ በደርግ ዘመን ቅጽ የማይሞላለት ነገር አልነበረም። ስንት ሰው ማንበብ ቻለ፣ ስንት ችግኝ ጸደቀ፣ ስንት ሰው ከስብሰባ ቀረ፣ ሁሉም የየራሱ ቅጽ ነበረው። ስለዚህ ወፍም ቅጽ ቢወጣለት ማንም አልገረመው። እኔን ግን አናደደኝ። ያልገባኝ ነገር ያናድደኛል፤ ደሴ ያለችው እናቴ «ይህች ልጅ ካልገባት ትጣላለች» ትል ነበር። የጂኦግራፊ መጽሐፍ አገላብጬ፣ ከራሴም ጋር ተጣልቼ፣ በስንት መከራ ነገሩ ተገለጠልኝ። ክረምቱ የፈረንጅ ክረምት ነው። እዚያ በረዶ ወርዶ ውሃው ሲጠጥር ወፎቹ ተነሥተው የኛን በጋ ፍለጋ ይመጣሉ። እኔም በኛ ጥር የነሱን ክረምት ልቆጥር ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ አንዷ እጇን አውጥታ «ታዲያ ብርድ ሸሽተው ዳባት ይመጣሉ?» አለች። የዳባትን የጥር ውርጭ የቀመሰ ሰው አይፈርድባትም።

ቦታው ሩቅ አልነበረም። ከዳባት በደባርቅ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ተሂዶ ወደ ቀኝ ሲወረድ፣ ወንዙ ሩጫውን ትቶ የሚተኛበት ሰፊ ሜዳ አለ። ሰዉ ጨፌው ይለዋል። ከኅዳር በኋላ አገሩ ሁሉ ገለባና አቧራ ሲሆን እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ቄጠማው በውሃ መካከል ቆሞ፣ ግጫ የሚሉት ሣር ዳር ዳሩን ይዞ። ሦስት ቅዳሜ እየሄድኩ እንድቆጥር ነበር የታዘዝኩት።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጠዋት ደርሼ ጉም ሲነሣ ሽመላዎቹን አየኋቸው። ነጫጭ ነበሩ፤ ክንፋቸው ጫፍ ላይ ጥቁር፣ እግራቸው ቀይ። በጨፌው ላይ ሥራ እንዳለበት ሰው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ደብተሬን ገልጬ ሃያ ላይ ስደርስ አንድ ነገር በራሴ ላይ እያፏጨ አለፈና ውሃው ውስጥ ቧ አለ። የወንጭፍ ድንጋይ ነው። ሽመላዎቹ በሙሉ ተነሡ። ዞር ስል ከጨፌው ዳር አንድ ማማ ቆሟል፤ ማማው ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሁለተኛ ድንጋይ ያጎርሳሉ።

ማማ የሚሠራው ገብስ ወይም ስንዴ ሲያሽት ነው። ጥር ላይ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ወፍ የሚያስጎመጅ ፍሬ የለም። ሄጄ ከማማው ሥር ቆምኩ።

«ደህና አደሩ አባባ? ምን ዘርተው ነው የሚጠብቁት?»

«ሣር» አሉኝ።

«ሽመላ ሣር ይበላል እንዴ?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ለምን ያባርሯቸዋል?»

«አንቺስ ለምን ትቆጥሪያቸዋለሽ?» አሉና ወንጭፋቸውን አዞሩ።

ከዳባት አስተማሪ መጥታ ወፍ ልትቆጥር እንደሆነ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተነግሮ ኖሯል። እኔ ሰውየው አእምሯቸው የተነካ መስሎኝ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ወፎቹ ያርፋሉ፣ ድንጋይ ይመጣል፣ ይነሣሉ፣ እኔ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት የማይገናኝ ቁጥር ይዤ፣ ተናድጄ፣ ነጠላዬ በጭቃ ተበላሽቶ ዳባት ገባሁ።

በሁለተኛዋ ቅዳሜ ባለቤታቸው አገኙኝ። ቤታቸው ከማማው ጀርባ ያለች ትንሽ ጎጆ ነበረች። «ፀሐይ ላይ አትቀመጪ፣ ነይ ግቢ» ብለው እርጎና የባቄላ ቆሎ አቀረቡልኝ። ሽማግሌውም ከማማው ወርደው መጡ። እሳቸው ተቀምጠው ወፍ አይወነጨፍም፣ ወፍም ሳይወነጨፍ ቆጠራዬ ሰላም ነው፤ እንዲያውም ብዙ ባስወራቸው ብዬ ነበር። ያን ቀን የሰማሁት ግን ደብተሬን አስረሳኝ።

«እኛ የዚህ ሰዎች አይደለንም» አሉ። «አገራችን ደጋው ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ዋልያ ከሚውልበት። አንድ ዓመት ሁለት ሰዎች መጡ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ክፉ አልወጣቸውም። በግ አረድንላቸው። ዋልያ ልንቆጥር ነው አሉ። መንገዱን ማን አሳያቸው? እኔ። ስንቃቸውን ማን ተሸከመ? እኔ። እዚያ ጥግ ደግሞ አምስት አሉ፣ እነሱንም ጻፉ እያልኩ እኔው ቆጠርኩላቸው። እንግዳ ደስ ይበለው ብዬ ነው። ከዚያ ወረቀት መጣ። ቦታው የዋልያ ነው ተባለ። ዋልያው ሲቆጠር እኛ ትርፍ ሆንን። የጎጆዬን ማገር በገዛ እጄ አፍርሼ ወረድሁ።»

ወደዚህ የመጡት የባለቤታቸው ወንድም ከጨፌው ዳር ጭብጥ የምታህል መሬት ስለለቀቀላቸው ነው። መሬቷ ድንጋይ ናት። ያላቸው ጨፌው ብቻ ነበር።

«ሁለት በሬ አለኝ» አሉ። «ከጥር እስከ ሰኔ ነፍሳቸውን የሚያቆየው ይህ ሣር ነው። ይህ ሲሄድ በሬዎቹ ይሄዳሉ። በሬዎቹ ሲሄዱ እኔ ምን ነኝ? ይኸው አሁን ደግሞ አንቺ ደብተር ይዘሽ መጣሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልጄ። ወፍ ከሌለ የሚቆጠር የለም፣ የሚቆጠር ከሌለ የሚጻፍ የለም ብዬ ነው ማማ የሠራሁት።»

ሽመላ ዋልያ አይደለም፣ በሽመላ ምክንያት ሰው የሚያስነሣ የለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እውነት ነው ወይ? ማን ነገረኝ? ቅጹ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ ርዕሰ መምህሩም አያውቅም። ለወፎቹ ደግ አስቦ ይሆናል። ለዋልያም ደግ ታስቦ ነበር።

ባለቤታቸው ግን በሌላ ነገር ነበር የተጨነቁት። ሽመላዎቹ የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ናቸው ብለው ያምናሉ። «ከመስቀል በኋላ ይመጣሉ፤ ሁዳዴ ሲጋመስ ይነሣሉ፤ ለትንሣኤ እዚያ ለመድረስ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው፣ «አንቱ ሰውዬ፣ በአብርሃም ቤት እንግዳ በድንጋይ አይቀበሉም። በኋላ በኛ ላይ ይመጣል» አሉ። ሽማግሌው ቆሏቸውን ማኘክ ቀጠሉ። በልቤ ፈገግ አልኩ። ኋላ ትምህርት ቤት ካርታው ላይ ጣቴን ሳስኬድ ግን የሽመላ መንገድ በእርግጥም በዚያ አካባቢ ያልፋል። የሳይንስ አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ፤ ያወቁት እሳቸው።

ያን ቀን እንግዳውን ከባላገሩ መለየትም የተማርኩት ከነዚሁ ሰዎች ነው። ከጎጆው ስንወጣ ከበሬው እግር ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች የምትሮጠውን ቢጫ ሆድ ወፍ ሽማግሌው በአገጫቸው አሳዩኝና «እሷ እንግዳ ናት» አሉ። በሬው ጀርባ ላይ ያረፈችውን ነጭ ወፍ ደግሞ «እሷ የኛው ናት፣ ክረምት ከበጋ እዚሁ ናት» አሉ። እኔም እውቀቴን ላሳይ ብዬ የመስቀል ወፍ ተጓዥ እንደሆነች ተናገርኩ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው «እንደ መስቀል ወፍ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እሷ ወዴት ትሄድ ብለሽ? ልብሷን ነው የምትቀይር። መስከረም ላይ ደምቃ ታያታለሽ፣ በጋ ላይ ድንቢጥ መስላ ባጠገብሽ ታልፋለች፣ አታውቂያትም» አሉኝ። ሄደች ያልኳት አለች፣ የኛው ያልኳት እንግዳ ናት። ደብተሬ ውስጥ ሠርዤ ሠርዤ ገጹ አለቀ።

በሦስተኛዋ ቅዳሜ ማማው ባዶ ነበር። ሽማግሌው ከሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንጭፉ ጭናቸው ላይ ተጠቅልሏል።

«ዛሬ አላባርርም» አሉኝ። «ሚስቴ ተሳላሚ አትምታ እያለች እንቅልፍ ነሣችኝ። አንቺ የምታይውን እይ። የምትጽፊውን ግን አስቢበት።»

ተቀምጬ ቆጠርኩ። ማንም አልረበሸኝም። ሽመላው ብቻ ከሁለት መቶ አለፈ። ስማቸውን የማላውቃቸው ግራጫ፣ አንገተ ረጅም ወፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል፤ ዳክዬው ውሃው ላይ ሞልቷል። ሁለቱ በሬዎች በመካከላቸው ይግጣሉ፣ አንዱ ሌላውን አይፈራም። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከስንት አገር አልፎ የመጣ ፍጥረት እኔ በእግሬ የምደርስበት ሜዳ ላይ ማረፉ አኮራኝ፤ ጨፌውን እኔ የሠራሁት ይመስል። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ደብተሬ ውስጥ ያለው ቁጥር እየበዛ በሄደ ቁጥር ሰውየውን የማስነሣቸው እኔው እየሆንኩ መጣሁ።

ልሄድ ስል የቅጹን የመጨረሻ ጥያቄ አነበብኩላቸው፤ «መሬቱ በአሁኑ ጊዜ የሚሰጠው አገልግሎት» ይላል። «ግጦሽ ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ግጦሽ ካልሽ፣ ስንት ከብት? የማን ከብት? ማን ፈቀደለት? ይላሉ። ተይው ልጄ። ለማንም ምንም አይሰጥም በይ።»

ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል ገብቼ ቅጹን ሞላሁት። የወፍ ዓይነት፣ የለም። ብዛት፣ የለም። አገልግሎት፣ የለም። በዚያ ጊዜ ለመንግሥት ወረቀት መዋሸት ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ደፋር የሆንኩ መሰለኝ፣ በራሴም ኮራሁ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ዓይኑን አስኬደበት።

«ሦስት ቅዳሜ ተመላልሰሽ አንድ ወፍ አላየሽም?»

«አላየሁም።»

«ጥሩ፣ አጭር ነው» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት።

ለሽማግሌው ገበያ ላይ አግኝቻቸው ነገርኳቸው። ትከሻዬን ሳሙ። ማማውንም አፈረሱት፤ እንጨቱ ለማገዶ ሆነ።

በሚቀጥለው ጥቅምት ዳባት ላይ ስብሰባ ተጠራ። መምህራንም ገበሬዎችም ተገኘን። ከወረዳ የመጣ ሰውዬ ስለ ምርት ዘመቻ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ፣ «ከደባርቅ መንገድ በታች ለወፍም ለሰውም የማይጠቅም ረግረግ ተኝቷል፤ ውሃው በቦይ ይጠፈፍና ለአምራቾች ኅብረት ሥራ ስንዴ ይዘራበታል» አለ። ጭብጨባ ሆነ። እኔም እጄን አጨበጨብኩ፤ ካጨበጨብኩ በኋላ ነው የሰማሁት። ለወፍም ለሰውም።

ይህን ቃል ከየት አመጣው? ከቅጼ ይሆን? ወፍ የለም፣ አገልግሎት የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ግን እንዲህ ያለ ንግግር ማንም ካድሬ ቅጽ ሳያነብ ሊናገረው ይችላል፤ አፍ የሚያጣፍጥ ነገር ነው። ርዕሰ መምህሩን ሄጄ «ያ የወፍ ቅጽ ወዴት ደረሰ?» አልኩት። «የቱ?» አለኝ። መሳቢያውን ስቦ የወረቀት ክምር አገላበጠ። «ልኬዋለሁ መሰለኝ። ወይ አልላክሁትም ይሆናል።» አብረን ፈለግን፤ አልተገኘም። አለመገኘቱ መላኩን አያሳይም፣ ክምሩ ውስጥ ያልተገኘው ብዙ ነበር። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ባጠፋ እንደ ጥፋተኛ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ባላጠፋ ደግሞ እፎይ እል ነበር። እንዲሁ መሃል ላይ ቀረሁ።

ቦዩ በዘመቻ ተቆፈረ። ከየገበሬ ማኅበሩ ሰው እየወጣ አንድ ወር ያህል ዶማና አካፋ ይዞ ዋለ፤ ሽማግሌውም ተራቸው ሲደርስ ወጡ። ለቆፋሪዎቹ ውሃ የማቅረብ ተራ ደርሶን ከተማሪዎቼ ጋር ስንሄድ አየኋቸው፤ ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው የገዛ በሬዎቻቸው ሣር የሚጠጣውን ውሃ መውጫ ይቆፍራሉ። እኔን ሲያዩ ቀና ብለው «ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ?» አሉ፣ እንደ ወትሯቸው። ለታኅሣሥ ውሃው ሄዶ አለቀ። ቄጠማው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ወደቀ።

ሽመላዎቹ መጥተው ነበር ይባላል። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ ከላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረው፣ ሳያርፉ፣ ወደ ጣና አቅጣጫ ሄዱ። እሳቸው የነገሩ ሁሉ ምክንያት አንድ ብቻ ነው ይሉ ነበር። «ተሳላሚ በድንጋይ መታን፤ የተሳላሚ አምላክ ማረፊያቸውን ከኛ ሣር ጋር አብሮ ወሰደው።» ላጽናናቸው ፈለግኩ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ምናልባት የኔ ነው ልበል? ምላሴ አልታዘዘልኝም። «የፈሩት ይደርሳል» አልኳቸው፤ ይህም ማጽናናት ከተባለ።

መጋቢት ላይ፣ የዳባት ገበያ ቀን፣ ሽማግሌው በትምህርት ቤቱ በር መጡ። አንድ በሬ በገመድ ይስባሉ። አንደኛውን ከዚያ በፊት ሸጠውታል። ይህኛው ጎኑ ገብቶ አጥንቱ ይቆጠራል፤ ከዚህ በላይ ቢያቆዩት ገበያ መድረስም አይችልም። ከጋቢያቸው ሥር በትንሽ ቅል ማር አውጥተው ሰጡኝ።

«ይህን እሷ ናት የላከችልሽ» አሉ። «ሣሩ ሄደ፤ በሬውም ይኸው ይሄዳል። ቤቱ ግን አለ። አንቺ ወፎቹን ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ ቤቱንም ይነሡን ነበር። እሷንም እንዲህ ነው ያልኋት፤ ያች ልጅ ናት ያተረፈችን። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ።»

ልነግራቸው ነበር። ግን ምኑን ልንገራቸው? ወፎቹን ብጽፋቸው ኖሮ ጨፌው ይተርፍ ነበር ልበል? ወይስ እሳቸው እንዳሉት ከነጎጆው ይሄዱ ነበር? ወይስ ወረቀቱ ያን ጊዜም መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ፣ እኔ ወፍ አለ ብልም የለም ብልም ለማንም ሳይደርስ ይቀር ነበር? ሦስቱንም ዛሬ ድረስ አምናቸዋለሁ፣ እንደ ቀኑ። ማሩን ተቀበልኩ። «አሜን» አልኩ።

ገመዱን ሳቡ። በሬው ግን አልሄደም። ከትምህርት ቤታችን ቧንቧ ሥር ውሃ እየፈሰሰበት የበቀለች እፍኝ የማትሞላ ሣር ነበረች፤ እሷን አይቶ አፉን ተክሎ ቆመ። ሽማግሌው ጎተቱ፣ አቃታቸው፤ እሱም ደካማ፣ እሳቸውም ደካማ። ገበያው እየረፈደ ነው። ወደኔ ዞረው «ልጄ፣ እስቲ ከኋላ እርጅኝ» አሉ። ማሩን መሬት ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ገፋሁላቸው።